ያላነበብኩት የስህተት መዝገብ

ባለፈው ሳምንት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሐያት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። የጻፈችውን ፕሮግራም ስታስነሳው ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆነ። ሐያት በቆሎዋን እንኳ አላስቀመጠችም። በትንሿ ጣቷ አንድ ቁልፍ ነካች፤ ቀዩ ሁሉ ጠፋና ስክሪኑ እንደታጠበ የክፍል ሰሌዳ ጥቁር ሆነ።

«ምን ይላል ግን?» አልኳት ከአልጋዬ ላይ።

«ማን?»

«ቀዩ ነዋ!»

«እኔ እንጃለት፤ እሱ ሁልጊዜ ይላል። ይሠራል እኮ! ምን አስጨነቀሽ?»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቆሜ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ሐያት ያኮረፍኩት በቆሎዋን ስላላካፈለችኝ ይመስላታል፤ ማታውኑ አንድ ራስ ሙሉ በቆሎ በሶፍት ጠቅልላ ትራሴ ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁ። በላሁት። እውነቱን ግን አልነገርኳትም፤ እውነቱ በቆሎ እየበሉ የሚነገር ዓይነት አይደለም።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህ ነገር ሲሆን አሥራ አምስት ነበርኩ። አራት ዓመት ለትልቅ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ከዕድሜዬ አምስት እጅ አንዱ ነው፤ ስለዚህ «ያኔ» ብዬ ለማውራት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ያኔ የምንኖረው መቱ፣ ከጋሼ ታደለ ቤት ጎን ነበር፤ የሚለየን የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ጋሼ ታደለ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። እናቴን አስተምረዋል፤ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፤ መንገድ ላይ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ «ቲቸር!» እያለ ይቆምላቸዋል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን የዛፎችን የላቲን ስም ሳስሸመድድ ኖርኩ» ይሉ ነበር፤ «እዚያ ያዮ ጫካ ውስጥ ግን እያንዳንዱን ዛፍ እንደ ልጃቸው በስሙ የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ሲሄዱ ስሙም ይሄዳል።» እናም በያዮ፣ በዳሪሙና በሁሩሙ እየዞሩ የሽማግሌዎቹን ድምፅ በስልክ መቅዳት ጀመሩ። ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ ይወዷቸው ነበር።

እኔ ደግሞ የቴክኒክ ክፍሉ ነበርኩ። ስሙን ለራሴ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሳሙኤል፣ ሥራው ሶፍትዌር ነው፣ ለዚሁ ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ላከላቸው። ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። የጋሼ ታደለ ባለቤት እትዬ ዘነበች በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አለበሱት፤ እኔ ሥራ ስጀምር ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ መሸፈኛ ቀስ ብዬ ነበር የማነሳው። ፕሮግራሙ ድምፁን ከስልኩ ይወስዳል፣ የነፋሱን ጩኸት ይቀንሳል፣ የቦታና የሰው ስም ይሰጠዋል፣ ከዚያ በገመድ የተያያዘ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። የሚሠራው ኮንቴይነር በሚሉት ነገር ውስጥ ሆኖ ነው። ሳሙኤል በስልክ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፦

«ለሊሴ፣ መናኸሪያው ጋ ያሉትን፣ ከዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር የተሠሩትን የብረት ሱቆች ታውቂያቸዋለሽ አይደል? በቃ እንደዚያ አስቢው። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ አምፖሉ ሁሉ ውስጡ ነው፤ የትም ብታስቀምጪው ይሠራል። ግን አንድ ቀን ክሬን መጥቶ ሲያነሳው ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ዕቃ ውስጡ አናሳድርም፤ በጓሮ በር በኩል ወደ መጋዘን እናስገባለን። መጋዘኑ ሃርድ ዲስኩ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

በእርግጥም ገብቶኝ ነበር። የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

በመዳፊት ጠቅ ጠቅ የሚባል ነገር አልነበረውም። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ ትእዛዙን በፊደል ትጽፊለታለሽ፤ እሱም በፊደል ይመልስልሻል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤት ውስጥ የሁሉም ታናሽ ነኝ፤ ማንንም አዝዤ አላውቅም። እዚያ ወንበር ላይ ግን አንድ መስመር ስጽፍ አንድ ነገር ብድግ ብሎ ይታዘዘኛል።

መጀመሪያ ቀን ጋሼ ታደለ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ ቆሙ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሲያበቃ በመጨረሻ ሁለት መስመር በቀይ ጻፈ። «ስህተት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበረበት። ጋሼ ታደለ ቃሏን አዩ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። ወንበር ፈለጉ። «ጠፋ? የዳሪሙ ሁሉ ጠፋ?» እያሉ ደረታቸውን ያዙ። የደም ግፊት አለባቸው። እትዬ ዘነበች ከጓዳ ውኃ ይዘው ሲሮጡ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሳሙኤል ጋ ደወልን። ሳቀ። «ምንም አይደለም፣ የፕሮግራሙ ስሪት አርጅቷል ነው የሚለው። ዝም ብላችሁ እለፉት።»

በማግስቱ እትዬ ዘነበች በምልክት ወደ ጓዳ ጠሩኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝ፤ እኚህ ሴትዮ ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መጀመሪያ ያበላሉ።

«ስሚኝ ለሊሴ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ለዚህ ሰውዬ ክፉ ነገር በድንገት አይነገረውም። ወንድሙ ናዝሬት ላይ ያረፈ ጊዜ ሦስት ሳምንት ደብቀነው፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ወግ ባለው መንገድ ነው ያረዳነው። ይሄ የሳሚ ማሽን ግን ወግ የለው፣ ሽማግሌ የለው፤ ፊት ለፊት ያረዳል፤ ያውም በቀይ!»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሥርዓት ልታስተምሪው ትችያለሽ?»

አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ «ትችያለሽ?» ተብላ «አልችልም» ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ ቀላል ነበር። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ የሠራውን ይናገራል፣ በሌላው የገጠመውን ችግር ይናገራል። ሁለተኛውን አፍ ከስክሪኑ አዙሮ ወደ አንድ ፋይል እንዲያወራ ማድረግ የአንድ ምልክት ሥራ ነው። አዞርኩት። ለፋይሉም «መርዶ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በዚህ ብቻ አላበቃሁም። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲቀር ደስ ስላላለኝ፣ ሥራው ባለቀ ቁጥር በአማርኛ «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል መስመር እንዲጽፍ አደረግሁ። ልብ በሉ፤ ሰላም መሆኑን አይቶ አይደለም የሚጽፈው። ሰላም ሆነም አልሆነ ይጽፋል። ያኔ ምንም አልከበደኝም። እኛስ መንገድ ላይ «እንደምን አደርክ?» ስንባል የራሳችንን ትኩሳት ለክተን ነው እንዴ የምንመልሰው?

ጋሼ ታደለ ያችን መስመር ወደዷት። ሥራዬን ስጨርስ «ምን አለ?» ይሉኛል፤ «‹ሁሉም ሰላም ነው› አለ» እላቸዋለሁ፤ «ተመስገን» ይላሉ። እትዬ ዘነበች ከጓዳ በር ላይ ሆነው በአንድ ዓይናቸው ይጠቅሱኛል።

ፋይሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ላነብ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ኅዳር ሙሉ አነበብኩ። ሁልጊዜ ያው ነው፦ ስሪቱ አርጅቷል፣ ስሪቱ አርጅቷል፣ የፋይሉ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ አለ፣ ስሪቱ አርጅቷል። ታኅሣሥ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩት። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ውሻ ያለው ሰፈር ውስጥ ሌባ ሲመጣ ማን ይነሣል? ከዚያ የትምህርት ቤት ፈተና መጣ፤ ከዚያ ገና፤ ከዚያ ጥምቀት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ መጣ። መቱ ላይ ይህ ዜና አይደለም። ኮምፒውተሩን መልሼ አስነሳሁ፤ ኮንቴይነሩም ተነሣ፤ የቀደሙትን ድምፆች ከሃርድ ዲስኩ ላይ ከፍቼ ሰማሁ፤ አሉ። አዲስ አስገባሁ፤ ገባ። «ሁሉም ሰላም ነው» አለ። እኔ ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ሃርድ ዲስኩ ከመብራቱ በኋላ በሌላ ስም መነሣቱን ነው። ፕሮግራሙ መጋዘኑን በድሮው ስሙ ሲፈልግ አጣው። ብልህ ልጅ የጻፈው ስለሆነ ግን ሥራ አላቆመም፤ አዲስ የመጣውን ሁሉ በራሱ ሆድ ውስጥ፣ በዚያ የብረት ሱቅ ወለል ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ይህንንም አልደበቀም። በእያንዳንዱ ድምፅ ልክ አንድ መስመር ጻፈ። የጻፈው ግን እኔ እንዲያወራ ወዳዞርኩት ቦታ ነው።

ያዮ የሄድነው የካቲት ላይ፣ በቅዳሜ ነው። ጋሼ ታደለ «የቴክኒክ ክፍሉም ይምጣ» ብለው እናቴን አስፈቀዱልኝ። በሚኒባስ እስከ ያዮ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ቀይ አቧራ ነበር፤ ጫካው ውስጥ ሲገባ ግን አቧራው በአንዴ ይቆምና እርጥበት ይቀበልሻል፤ ከላይ ዛፍ፣ ከሥር ቡና፣ ከሥሩ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ቡናው ያኔ ተለቅሞ አልቆ፣ ከጥቂት ቀን በፊት በወረደ ካፊያ እንደገና አበባ አውጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ ሽታው ያፈዝዛል።

ኦቦ ተሊላ ደጃቸው ላይ የተጠረበ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቆዩን። ቀጭን፣ ረጅም፣ መዳፋቸው እንደ ዛፍ ልጥ የሻከረ ሽማግሌ። የዚያ አካባቢ ስመ ጥር ንብ አርቢ ነበሩ፤ ቀፎ ይዘው ሰው የሚፈራው ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ያን ዓመት ግን ጉልበታቸው እንቢ ብሎ ነበር። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ አንድ ልጃቸው ጫልቱ ናት፤ ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ማር በቅጠል አድርጋ ሰጠችንና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስልኩን አወጣሁ። ኦቦ ተሊላ በጥርጣሬ አዩት።

«ድምፄን ከወሰድሽብኝ በኋላ እኔ በምን ላወራ ነው?» አሉ በኦሮምኛ።

«ይተርፍዎታል» አልኳቸው፤ ጋሼ ታደለ ሳቁ።

«ወዴት ነው የምትወስጂው?»

«መቱ። ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።»

«ቀፎ በይኛ! ንብ አለው?»

«የለውም።»

«ንብ የሌለበት ቀፎ የእሳት እራት ነው የሚገባበት፣ ልጄ።» ጋሼ ታደለ ጣልቃ ገብተው «ይህችን ልጅ እመኗት፣ ተሊላ። እሷ እያለች የእሳት እራት አይገባም» አሉ። እኔም ቀና ብዬ «አይጠፋም፣ አባባ» አልኩ።

ሽማግሌው ጫልቱ የሄደችበትን አቅጣጫ በአገጫቸው አሳዩን። «እሷ ቀፎዎቼ የት እንዳሉ አታውቅም። ሴት ዛፍ አትወጣም ብዬ አላሳየኋትም። አባቴም እህቶቼን አላሳያቸውም። አሁን ተጸጸትኩ፤ ጉልበቴ ደግሞ አብሬያት እንድዞር አይፈቅድልኝም። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ አኑሪላት። እኔ ስሞት፣ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው የሌለው ቀፎ ባለቤት የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ይወስደዋል።»

እናም ተናገሩ። ከምንጩ ጀምረው እስከ ዳገቱ ጫፍ፣ ዛፉን አንድ በአንድ። ሶምቦው፣ ከምንጩ በላይ ያለው፤ ወደሳው፤ ጌተማው፣ ነጭ ማር የሚሰጠው፤ እያንዳንዱ መቼ እንደሚያብብ፣ ግንዱ ላይ የእሳቸው ምልክት በየትኛው ጎን እንደተቀረጸ፣ በየትኛው ሐረግ ይዞ እንደሚወጣ። አንዳንዴ ቆመው ስለ አንድ ዛፍ እንደ ሰው ያማሉ፤ «ይኼኛው ስስታም ነው፤ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጥ።» ጋሼ ታደለ በደስታ ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ ስልኩን ይዤ ማሬን እየላስኩ ነበር። ሶምቦውን፣ ወደሳውንና ጌተማውን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ስልኩ ይሰማል ብዬ፣ እኔ አልሰማሁም።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ ድምፁን አስገባሁ። ከፍተን ለአፍታ ሰማነው፤ ጥርት ያለ ነበር። «ሁሉም ሰላም ነው» አለ። የስልኩ ሚሞሪ ትንሽ ስለሆነ እንደ ሁልጊዜው ከስልኩ ላይ አጠፋሁት።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ኦቦ ተሊላ ማረፋቸውን ሰማን። ጋሼ ታደለ ለቀብር ሄደው ሲመለሱ «እንኳን ቀዳናቸው» አሉ።

በሚያዝያ ሳሙኤል የተሻለ ስሪት ላከ። «አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፊና አዲሱን አስነሺው» አለኝ። «ድምፆቹ መጋዘን ስለሆኑ አይነኩም።» የማጥፊያዋ ትእዛዝ አጭር ናት። ጻፍኳት፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ክሬኑ መጣ፣ አነሳው፣ ሄደ። ገመዱን ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት፤ አዲሱም መጋዘኑን አገኘ። ሁሉም ነገር እንዲያውም ካለፈው ይፈጥን ነበር።

ጫልቱ የመጣችው በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን ነው። ጥቁር ነጠላ ለብሳ፣ የመንገዱ ጭቃ ባቷ ድረስ ደርሶ። ለጋሼ ታደለ አንድ ጣሳ ማር ይዛ ነበር። ተቀመጪ ስትባል ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ተቀመጠች።

«ቲቸር» አለች፤ «አባቴ ሊሞት ሲል ‹ሁሉንም ነግሬያለሁ፣ መቱ ነው ያለው› አለኝ። ጎረቤቶቻችን ከአሁኑ ዳገቱ ላይ መዞር ጀምረዋል። ‹ያባቴ ነው› ስላቸው ‹ምልክቱን አሳዪን› ይሉኛል። እሱን ልሰማ ነው የመጣሁት። ድምፁም ናፈቀኝ።»

«አጫውቺላት፣ ለሊሴ» አሉ ጋሼ ታደለ።

ዳንቴሉን አነሳሁ። ዝርዝሩን አዘዝኩ። ዳሪሙ መጣ፤ ሁሩሙ መጣ፤ የጥር መጀመሪያ መጣ። ከዚያ በታች ምንም የለም። ደግሜ አዘዝኩ። ከዚያ በታች ምንም የለም። ከባዶው ሥር አንዲት መስመር ብቻ፦ «ሁሉም ሰላም ነው።»

ጫልቱ በፈገግታ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ፋይሉ ነው። ከፈትኩት። ከብዙ «ስሪቱ አርጅቷል» በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ገጹን ሞልቶ ወረደ፦ መጋዘኑ አልተገኘም፤ ለጊዜው እዚሁ ተይዟል። መጋዘኑ አልተገኘም፤ ለጊዜው እዚሁ ተይዟል። ሦስት ወር ሙሉ ሲለምነኝ ነበር። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ አሮጌውን ኮንቴይነር እስካጠፋሁበት ቀን ድረስ እንኳ፣ አንዷን መስመር ባነብ ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር።

ሳሙኤል ጋ በስልክ ደወልን። ፋይሉን ላኪልኝ አለ። ላክሁ። «ለሊሴ፣ ሲነግርሽ ነበር'ኮ» አለ ካነበበው በኋላ። ቀኑን ሙሉ ከሩቅ ሆኖ ሞከረ። አዲሱን ስናስገባ በአሮጌው ቦታ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፤ አልተገኘም።

ጋሼ ታደለ ደረታቸውን አልያዙም። ያ ነው ያስፈራኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ዳንቴሉ ላይ አስቀመጡና «ይህን ፋይል ማን ደበቀው?» አሉ።

አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ያልኳት። ለአንተ ብዬ ነው። ደምህ ...»

«ዘነበች» አሉ ጋሼ ታደለ፣ በጣም በቀስታ፤ «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቃችሁኛል። ሰርግ ሄጄ ጨፍሬያለሁ። እሱ አፈር ገብቶ እኔ ጨፍሬያለሁ። አንድ ቀን ተናግሬሽ አላውቅም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጫልቱ አማርኛችን ፈጥኖባት ሁሉንም አልተከታተለችም፤ ግን ገብቷት ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «የለም?»

«የለም፣ አዴ ጫልቱ።»

«ምንም?»

የማውቃቸውን ሦስቱን ዛፎች ነገርኳት። ሶምቦው፣ ወደሳው፣ ጌተማው። ሁለቱን፣ ለቤታቸው ስለሚቀርቡ፣ ራሷ ታውቃቸዋለች። ፋይሉ ላይ የአባቷን መስመር አገኘሁላት፤ ምልክቱን አልያዘም፤ የያዘው ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሙንና የድምፁን ርዝመት ብቻ ነው። «አርባ አንድ ደቂቃ ተናግረዋል» አልኳት።

«አርባ አንድ ደቂቃ» አለች። ቆጠረችው መሰለኝ። «ከእኔ ጋር እንኳ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።» ከዚያ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው መሐል ላይ ተሰበረ። ስትሄድ ያንን መስመር በወረቀት አትሜ እንድሰጣት ለመነችኝ። ሰጠኋት። ማሩን ጋሼ ታደለ አልወስድም ቢሉ ጣሳውን ደጃፉ ላይ ትታው ሄደች። ማንም አልቀመሰውም።

ጋሼ ታደለ ከዚያ ወዲህ አልቀዱም። «አሁን ማንን እቀዳለሁ? በምን አፌ እመኑኝ ልበል?» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸውን ከቀዱላቸው ሽማግሌዎች ሁለቱ በዚያው ዓመት አለፉ። ከጠፉት ድምፆች ውስጥ የእነሱም ነበሩበት።

ከወር በፊት፣ ለእረፍት መቱ በሄድኩበት፣ ያዮ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው እንዳልል ይቅርታውን ድሮ ጠይቄያለሁ፤ ጫልቱም ድሮ ሰጥታኛለች። ዳገቱ ላይ ያሉት ቀፎዎች አሁን የሌላ ሰው ናቸው። በሽማግሌ ተከራክራ ነበር፤ ምልክቱን ማሳየት አልቻለችም። የቀሯት ቀድሞ የምታውቃቸው ሁለቱ ዛፎች ናቸው፤ ጌተማውን ራሷ ትወጣዋለች፤ ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባት፣ አሁን ለምዷታል። ትወጣለች እንጂ ዘንድሮ ንቡ ቀፎውን ትቶ ሄዶባታል፤ ለምን እንደሄደ የሚነግራት ሰው የለም።

ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከአባቷ የመታወቂያ ፎቶ ጎን፣ በመስታወት ውስጥ ያቺ ወረቀት ተሰቅላለች። የጥቁር መስኮት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ አንዲት መስመር። ተቀመጪ ሳትለኝ መስታወቱን አውርዳ ሰጠችኝ።

«እንግሊዝኛ የሚያነብልኝ ሲመጣ አስነብባለሁ» አለች። «አንቺ አንብቢልኝ። የሁሉም አነባበብ ይለያያል።»

በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ቀኑ። ያዮ። ተሊላ። አርባ አንድ ደቂቃ። መጋዘኑ አልተገኘም። ለጊዜው እዚሁ ተይዟል።

ዛሬ ሥራዬ ብዬ የምማረው ይኸንኑ ነው። መምህራኖቻችን የስህተት መዝገብ ችግር ለማወቅ ይጠቅማል ይሉናል፤ እውነት ነው። ግን የሚጠቅመው በጊዜው ላነበበው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ስንት ደቂቃ እንደነበር በትክክል ይነግራችኋል እንጂ ከጠፋው አንዲት ቃል አይመልስላችሁም። ስለዚህ የሐያት ስክሪን ቀይ ሲሆን ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። ብነግራት ምናልባት አንድ ሳምንት ታነብ ይሆናል። እኔም ኅዳርን ሙሉ አንብቤ ነበር።

አንብቤላት ስጨርስ ጫልቱ መስታወቱን ተቀብላኝ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«‹እዚሁ› የሚለው የት ነው?»

«ያኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። አሁን የለም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ስንት ጊዜ እንደተነገራት አላውቅም። መስታወቱን መልሳ አቀበለችኝ።

«ደግመሽ አንብቢልኝ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።